የስኳር ታማሚ የእግር ቁስልና እንጉዳይ፦ የቱ ቁስሉ ላይ፣ የቱ ማዕድ ላይ፣ የቱ ከፋርማሲ

ጋኖደርማ የሚባል እንጉዳይ የተቀላቀለበት ቡና፣ የደረቀ የእንጉዳይ ዱቄት፣ «ቤታ ግሉካን» የሚል የተጻፈበት እንክብል ከዓረብ አገር በሻንጣ እየመጣ ደሴም ኮምቦልቻም ይገባል። ተቀባዩ ብዙ ጊዜ እግሩ የቆሰለ የስኳር ታማሚ ነው። ላኪዋ ልጁ ወይም እህቱ ናት፤ ለፍታ ባገኘችው ገንዘብ የገዛችው እንዲሻለው ብላ ነው። ስለዚህ «አትጠቀሙ» ብሎ ማለፍ ለማንም አይበጅም። ከእንጉዳይና ከሻጋታ የሚወጣው ነገር ለቁስል ምን እንደሚሠራ፣ የቱ እንደሚቀባና የቱ ከቁስል መራቅ እንዳለበት፣ ቁስሉም በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ከዚህ በታች አለ።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ተነጥሮ፣ ተጣርቶና ከጀርም ነጽቶ የተዘጋጀ የፈንገስ ውህድ አንዳንድ ቁስል ሊረዳ ይችላል። ጥሬው እንጉዳይ፣ ዱቄቱም ሆነ የተቀቀለበት ውሃ ግን ክፍት ቁስል ላይ አይደረግም። የሚዋጠው እንክብል የስኳር ታማሚን የእግር ቁስል ስለመዝጋቱ አስተማማኝ ማስረጃ የለውም። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድሙ አራት ነገሮች አሉ፦ ታማሚው ቁስሉን እንዳይረግጥ ማድረግ፣ እግሩ ደም እንደሚደርሰው ማረጋገጥ፣ ኢንፌክሽን ካለ ማከም፣ ስኳሩን ማውረድ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ በጣም ውድ የሆነው ጄል እንኳ አይሠራም።

ቁስሉ ለምን አልድን ይላል

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቭ ይጎዳል። ሰውዬው ሚስማር ቢረግጥ፣ ጠጠር ጫማው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢውል አይሰማውም። የደሴ ብርድ ሲጠና ከሰል ምድጃ አጠገብ እግሩን ዘርግቶ ይሞቃል፤ ቆዳው ተቃጥሎ ውሃ ሲቋጥር የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሙቀቱና ላቡ በፕላስቲክ ጫማ ውስጥ ተዳምሮ የጣቶቹን መሐል ያርሰዋል፣ ይሰነጥቀዋል። በዚህ ላይ የደም ሥሮቹ ሲጠቡ ኦክስጅንም፣ የተዋጠው መድኃኒትም ቁስሉ ድረስ በበቂ አይደርስም።

ሦስተኛው ችግር የእንጉዳዩ ወሬ የሚገባበት ነው። ጤነኛ ሰው ሲቆስል ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች መጀመሪያ ጀርሙንና የሞተውን ሥጋ ይበላሉ። ከቀናት በኋላ ሥራቸውን ቀይረው አዲስ የደም ሥርና አዲስ ሥጋ እንዲበቅል ምልክት መስጠት ይጀምራሉ። በስኳር ታማሚ ቁስል ውስጥ ግን ይህ ሽግግር ይዘገያል፤ ሴሎቹ የመጀመሪያው ሥራ ላይ ይቀራሉ። ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ስለሚበዙም አዲስ የተሠራው ሥጋ ሳይጠና ይፈርሳል።

ቤታ ግሉካን የእንጉዳይና የእርሾ ሴል ግድግዳ የተገነባበት የስኳር ሰንሰለት ነው። ማክሮፌጅ ላይ ይህን ሰንሰለት የሚለይ ዴክቲን-1 የሚባል ተቀባይ አለ፤ ሥራው የታወቀው በ2001 ነው። ሰንሰለቱ ተቀባዩን ሲነካ ሴሉ ይነቃል። ከዳቦ እርሾ የተነጠረ ቤታ ግሉካን በጄል መልክ ተዘጋጅቶ ኖርዌይ ውስጥ ለምርት የበቃው በዚህ መነሻ ነው። በስኳር ታማሚዎች የእግር ቁስል ላይም ተሞክሯል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ጎን አለው፤ መደበኛ ሕክምናን ለመተካት ግን አልበቃም።

በእንጉዳይ ስም ከሚወራው አብዛኛው የተሠራው በአይጥ ላይ መሆኑንም እወቁ። የአይጥ ቆዳ ከሥሩ ስስ ጡንቻ ስላለው ቁስሉ የሚዘጋው በአመዛኙ ጠርዙ ተሰብስቦ ነው፤ የሰው እግር ቁስል ግን ከሥር ሥጋ እየሞላና ላዩን ቆዳ እየሸፈነው ይድናል። ለሙከራው የሚውለው አይጥም ስኳር የያዘው ከጥቂት ሳምንት በፊት በመርፌ ነው፤ 15 ዓመት የተጎዳ ነርቭና የጠበበ የደም ሥር የለውም፣ ቁስሉንም ረግጦ ዳገት አይወጣም። «በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ ስታዩ መጀመሪያ በማን ላይ ብላችሁ ጠይቁ።

ከሻጋታ የመጡ መድኃኒቶች ቀድሞም ፋርማሲው ውስጥ አሉ

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ የስኳር ታማሚ የመድኃኒት ከረጢት ውስጥ ከፈንገስ የተገኙ መድኃኒቶች ቀድሞውኑ መኖራቸው ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ከሻጋታ ያገኘው ፔኒሲሊን እንደ ክሎክሳሲሊን ላሉ አንቲባዮቲኮች መነሻ ነው። ሴፋሌክሲንና ሴፍትሪያክሶን ሴፋሎስፖሪን ከሚባለው፣ እሱም ከሻጋታ ከተገኘው ዘር ናቸው። በቅባት የሚሸጠው ፉሲዲክ አሲድም ምንጩ ፈንገስ ነው። ለልብና ለደም ሥር የሚታዘዘው የስታቲን ቤተሰብም እንዲሁ፦ ዛሬ የሚታዘዘው አቶርቫስታቲን በፋብሪካ የሚሠራ ቢሆንም፣ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው ሎቫስታቲን የተገኘው አስፐርጊለስ ከሚባል ሻጋታ ነው።

እነዚህ ሁሉ ከፈንገሱ አንድ ውህድ ተለይቶ፣ መጠኑ በሚሊ ግራም ተለክቶ፣ ጉዳቱም ተመዝግቦ የተሠሩ ናቸው። ይህ ማለት ግን ፉሲዲክ አሲድ ቅባት ገዝታችሁ በየቀኑ ቀቡ ማለት አይደለም። ኢንፌክሽን የሌለበት ቁስል አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ ያለ ትእዛዝ መቀባት ጀርሙን መድኃኒት ያስለምደዋል። ጥልቅ ኢንፌክሽን ያለበትን ደግሞ ላይ ላዩን መቀባት አይፈውሰውም።

ጥሬ እንጉዳይና ሻጋታ ቁስል ላይ ለምን ይጎዳል

እንጉዳይ የሚበቅለው ጭድ፣ እበት ወይም የበሰበሰ እንጨት ላይ ነው። ደርቆ ቢፈጭም የአፈር ጀርም አብሮት አለ፤ ከእነዚህ አንዱ የቴታነስ ዘር ነው። «አፍልቼ ነው» የሚለው መልስ አያድንም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የቴታነስን ዘር በእርግጠኝነት ለመግደል ሆስፒታሎች በግፊት 121 ዲግሪ እንፋሎት ይጠቀማሉ።

የተፈለገው ቤታ ግሉካንም በቀላሉ አይወጣም። የእንጉዳይን ሴል ግድግዳ ከሚያጠነክረው ካይቲን ጋር ተቆራኝቶ ስለሚገኝ አብዛኛው በውሃ አይሟሟም። በቤተ ሙከራ እንጉዳዩ ደርቆና ተፈጭቶ ለሰዓታት በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ፈሳሹ ተጣርቶ በብዙ እጥፍ ጠንካራ አልኮል ይጨመርበትና ሰንሰለቱ ይዘቅጣል፤ ፕሮቲኑ ይወገዳል፤ በመጨረሻ ከጀርምና ከጀርም ቅሪት ነጻ መሆኑ ይለካል። ቤት የተቀቀለው ውሃ ከዚህ የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ያለፈ ነው። ውስጡ ያለው ስኳርና ፕሮቲን ቁስል ላይ ሲፈስ ለባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው «ፔኒሲሊን ከሻጋታ ነው» ብሎ የሻገተ ዳቦ ወይም እንጀራ ማሰር ነው። እዚያ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ራይዞፐስ የሚባለውም ይገኝበታል። ራይዞፐስ ስኳሩ ከፍ ባለ ሰው ሥጋ ውስጥ ሲገባ የደም ሥሩን ዘግቶ በቀናት ውስጥ ያጠቁራል። ሙኮርማይኮሲስ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ካላወጡት አይቆምም፣ ይገድላልም።

ፌጦ፣ የቡና ዱቄት፣ አረቄ፣ ቅቤና ነጭ ሽንኩርትም ከቁስሉ ይራቁ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ስሜት የሌለውን ቆዳ እንደ እሳት ይልጣሉ፤ ታማሚው ስለማይሰማው «አልቆረቆረኝም» ይላል። ስለ ማር ብዙ ክርክር አለ። በስኳር ሕመም እግር ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በ2023 ባወጣው መመሪያ ግን ማርንም ሆነ የዕፅዋት ቅባትን ለዚህ ቁስል እንዳንጠቀም ይመክራል፤ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።

ፋሻ አቀያየር

የመጀመሪያውን ጊዜ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ባለሙያ ያድርገው። የሞተ ሥጋና በጠርዙ ዙሪያ የወፈረ ቆዳ ካለ መቆረጥ አለበት፤ ያ የቤት ሥራ አይደለም። የቴታነስ ክትባትም በዚያው ይጠየቅ። ቀጥሎ ቤት ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ንጹሕ ጓንት፣ የታሸገ ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጎዝ፣ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ማስመሪያና ደብተር ነው።

ማጠቢያው ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም መጠኑ የተለካ የጨው ውሃ፣ ነው። ፋርማሲ ካላገኛችሁ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ክዳን ባለው ድስት 10 ደቂቃ አፍሉ፤ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ልሙጥ፣ ጨምራችሁ ከድኑና ቀዝቅዞ ለብ እስኪል ጠብቁ። በፈላ ውሃ በታጠበ ጠርሙስ አስቀምጡት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ጨው ማብዛት ያነጻል የሚለው ስሕተት ነው፤ ሥጋውን ያደርቀዋል።

እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አሮጌውን ፋሻ ፍቱ። ጎዙ ከተጣበቀ አትጎትቱት። ሳላይን አፍሱበትና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተዉት፤ ከጠርዝ ወደ መሐል ቀስ ብላችሁ ስታነሡት ራሱ ይለቃል። በደረቁ የተጎተተ ጎዝ አዲሱን ሥጋ ይዞ ይወጣል፤ ቁስሉ ሲደማ ያያችሁት ያንን ነው፣ የሳምንት እድገት በአንድ ጊዜ ይሄዳል።

ፋሻው ከመጣሉ በፊት እዩት። ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ጥቂት እርጥበት የተለመደ ነው። አረንጓዴ ከሆነ፣ ወፍራም መግል ካለው፣ ከትናንቱ ይልቅ ከረሰረሰ ወይም ከሸተተ ጻፉት። ከዚያ ጓንት ቀይራችሁ ሲሪንጁን በሳላይን ሙሉና ከቁስሉ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት በተረጋጋ ግፊት እጠቡ፤ ለአንድ መካከለኛ ቁስል ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ አልኮልና በረኪና አዲሱን ሴል ስለሚገድሉ አይጠቀሙባቸው። ዙሪያውን ያለውን ቆዳና የጣቶቹን መሐል በደረቅ ጎዝ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁ።

የሚሸፈንበት ነገር የሚመረጠው በቁስሉ እርጥበት ነው። ቀይና ደረቅ ያለው ቫዝሊን ጎዝ ወይም በሳላይን ርሶ የተጨመቀ ጎዝ ይደረግበታል፣ በላዩ ደረቅ ጎዝ። ጎዙ ጉድጓዱን ላላ ብሎ ይሙላ እንጂ አይታጨቅ፤ እርጥቡ ጎዝ ጤነኛው ቆዳ ላይ ካረፈ ቆዳው ነጭ ሆኖ ይለሰልሳል፣ ቁስሉም ይሰፋል። ብዙ የሚያፈሰው ወፍራም ደረቅ ጎዝ ይፈልጋል፣ ፋሻውም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ጠቁሮ የደረቀ ጣት ግን እርጥብ ነገር አይነካውም፤ ደረቅ ጎዝ ብቻ ጣል አድርጋችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ማሰሪያው አንዲት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ደም በጠበበበት እግር ላይ የጠበቀ ፋሻ ራሱ ጣት ይገድላል።

እግሩን ሙቅ ውሃ በጨው ውስጥ መዘፍዘፍ በየቤቱ የተለመደ ነው፣ መቅረትም አለበት። ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ ስሜት የሌለውን እግር ያቃጥላል፣ የጣት መሐል ጀርም ወደ ቁስሉ ያስገባል። ለውዱእ የሚታጠብ ሰው ፋሻው ላይ በማበስ ማለፍ እንደሚችል ኡለማዎች ያስተምራሉና ኢማማችሁን ጠይቁ፤ ጤነኛውን እግር የሚያጥብ ደግሞ የጣቶቹን መሐል በጨርቅ ያድርቅ። ጸበል የሚሄድም ቁስሉን በፕላስቲክ ሸፍኖ ይሂድ፤ ውሃው ቁስሉ ውስጥ እንዳይገባ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ ርዝመቱንና ወርዱን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ አባዙት። 4 በ3 የነበረ ቁስል 12 ነው። ከ4 ሳምንት በኋላ ቢያንስ በግማሽ ቀንሶ ከ6 በታች መሆን አለበት። ካልሆነ የተሳሳተ ነገር አለ ማለት ነው፦ እየተረገጠ ነው፣ ደም አይደርስም፣ አጥንት ድረስ ኢንፌክሽን አለ፣ ወይም ስኳሩ አልወረደም። ቅባት ከመለወጣችሁ በፊት እነዚህን አስመርምሩ። በስልክ ፎቶ ስታነሡ ማስመሪያውን አጠገቡ አድርጉ፤ ሐኪሙ ከወሬው ይልቅ ፎቶውን ያምናል።

እግሩን ማሳረፍ

እግር ሥር ያለ ቁስል በመቀባት ብቻ አይድንም። ሰው ሲራመድ ያንን ቦታ በየእርምጃው ይጨፈልቀዋል። ደሴ ደግሞ አገሩ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁል ሲወረድ ክብደቱ የፊት እግር ላይ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ቁስሉ በሚወጣበት በአውራ ጣት ሥር፣ ያርፋል። የሚታመነው ሕክምና እስከ ጉልበት የሚደርስና በቀላሉ የማይወልቅ ጀሶ ወይም ቡት ነው። ኢንፌክሽን ያለበት ወይም ደም በደንብ የማይደርሰው እግር ላይ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ ውሳኔው የሐኪም ነው።

ያ ካልተገኘ ክራንችና ፌልት የሚባለው ወፍራም የተጠቀጠቀ ጨርቅ ይረዳሉ። ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ፌልት ወይም ጠንካራ ስፖንጅ ይቆረጥ፤ ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ይሁን፣ ክፍቱ ወደ ጣቶቹ። ከቁስሉ ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅና በፕላስተር እግሩ ላይ ይለጠፍ። ክብደቱ በዙሪያው ያርፋል፣ ቁስሉ ባዶ ላይ ይንጠለጠላል። ሙሉ ክብ አድርጋችሁ አትቁረጡት፤ ክቡ ዙሪያውን ስለሚያንቀው ቁስሉ በመሐሉ አብጦ ይወጣል። ስፖንጁ በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፤ በጣታችሁ ስትጫኑት ካልተመለሰ ቀይሩት። የመጀመሪያውን የቁስል ነርስ ብትቆርጥላችሁ መልካም ነው፣ ከዚያ በኋላ እሱን እንደ ልክ ትጠቀሙበታላችሁ።

ሽንት ቤት ለመሄድ የሚረገጠው ጥቂት እርምጃም ይቆጠራል። ታማሚው «ትንሽ ነው የረገጥኩት» የሚለው ስለማያመው ነው። ስሜቱን ለማወቅ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ፤ የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ በጠቋሚ ጣታችሁ ለ1 ወይም 2 ሴኮንድ በቀስታ ንኩ፤ አትጫኑ፣ አትደባብሱ። ከ6ቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ጠባቂ የለውም። ጫማ ከመልበሱ በፊት ሁልጊዜ እጁን ውስጡ አስገብቶ ይዳስስ፤ ጠጠሩን፣ የወጣውን ሚስማር፣ የተጣጠፈውን ሶል የሚያገኘው እጁ ነው።

የቤታ ግሉካን ጄል እጃችሁ ከገባ

ማሸጊያውን አንብቡ። «ስቴራይል» እና ለቁስል የተሠራ መሆኑ መጻፍ አለበት፤ የፊት ክሬም ላይ የተጻፈ ቤታ ግሉካን ለቁስል አይሆንም። ቀኑ ያላለፈ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ የሚቀመጥበት ሙቀት የተጠቀሰ ይሁን። በሻንጣ ተጉዞ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የከረመ ከሆነ አትጠቀሙበት። ታማሚው ለእርሾ ወይም ለእንጉዳይ አለርጂ ካለበት ይቅር። ከመቀባቱ በፊት ለሐኪሙ አሳዩ።

የሚደረገው ኢንፌክሽን በሌለበት፣ ደም በሚደርሰው፣ ንጹሕና ቀይ ወለል ባለው ነገር ግን ለሳምንታት በቆመ ቁስል ላይ ነው። የጠቆረ ወይም መግል ያለበት ቁስል ላይ ጄል ማድረግ ጀርሙን ሸፍኖ ማቆየት ነው። ከላይ በተባለው መንገድ አጥባችሁ ወለሉን ብቻ በስሱ ሸፍኑ፤ ጠርዙ ላይ እንዳይፈስ፣ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። በላዩ የማይጣበቅ ጎዝ አድርጉና በምርቱ መመሪያ መሠረት ቀይሩ። አንዴ የተከፈተ ባለ አንድ ጊዜ ማሸጊያ ለነገ አይቀመጥም። ሲጀመር መጠኑን ለክታችሁ ጻፉ። በ4 ሳምንት ልዩነት ካላመጣ አቁሙት፤ ገንዘቡ ለጫማና ለስኳር መለኪያ ወረቀት ቢውል ይበልጣል። መቅላት ወይም ማሳከክ ካመጣም በዚያው ቀን ታጥቦ ይቁም።

የሚዋጠውና የሚበላው

የጋኖደርማ እንክብልና ቡና ስኳር ያወርዳል ተብሎ ይሸጣል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2015 ያወጣው ግምገማ ዓይነት ሁለት ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉትን ጥቂት ሙከራዎች መርምሮ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኘም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ማለትም ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግረል፣ የሚወስድ ሰው ጋኖደርማ ቢጨምርበት የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል። የዱቄቱ ዓይነት ጉበት የጎዳባቸው ሰዎችም ተመዝግበዋል። ቡናው ስኳር የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን አንብቡ። ታማሚው ወስዶት ከሆነ ደብቆ መያዝ አይጠቅምም፤ ለሐኪሙ ይንገር፣ ቀዶ ጥገና ካለ በተለይ። ሜትፎርሚኑንና ኢንሱሊኑን ግን በእሱ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አያቋርጥ።

ኦይስተር እንጉዳይ ምግብ ሆኖ ጥሩ ነው፤ ስኳር አይጨምርም፣ በጾም ወጥ ይሆናል። በደንብ ይብሰል። ነገር ግን 100 ግራም ጥሬ እንጉዳይ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። ቁስል ያለበት ሰው፣ ኩላሊቱ ካልተጎዳ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ75 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። ይህ የሚሞላው በምስር፣ በሽሮ፣ በእንቁላል፣ በዓሣና በሥጋ ነው፤ እንጉዳዩ ተጨማሪ ይሁን። ደሴ ካለው የጦሳ ተራራ ሥር ክረምት ላይ የሚበቅለውን የጅብ ጥላ ግን ማንም ለመድኃኒት ብሎ አይልቀም። ጉበት የሚገድለው ዓይነት ሲቀቀል መርዙ አይጠፋም፤ ሕመሙም የሚጀምረው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው።

ጾም ላይ ያለ ሰው፣ ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም፣ ክፍት ቁስል ካለው የመድኃኒት ሰዓቱንና ምግቡን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይማከር። ሲጋራና ሺሻ የደም ሥሩን ያጠብባሉ፤ ቁስሉ እስኪድን ሳይሆን ጨርሶ ይተዉ።

በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ

ከሚከተሉት ሁለቱ ከታዩ ኢንፌክሽን አለ፦ እብጠት፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የዘለለ መቅላት፣ ሙቀት፣ ሕመም፣ መግል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ቀይ ላይመስል ይችላል፤ ከበፊቱ የጠቆረ፣ የሚያብረቀርቅና የሞቀ ቆዳ ፈልጉ፣ ከሌላኛው እግር ጋር በእጃችሁ ጀርባ አወዳድሩ። መቅላቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ቁስሉ ውስጥ አጥንት ከታየ፣ ጣት ከጠቆረ ወይም እግሩ ከቀዘቀዘ ማደር የለም። ትኩሳት ከ38 በላይ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ90 በላይ ወይም መቃዠት ካለ ኢንፌክሽኑ ወደ መላ ሰውነት እየተዛመተ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ስኳሩ በድንገት መጨመሩም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን መንገዱ አያዘገያችሁ። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስትሄዱ የመድኃኒቶቹን ካርቶን፣ የስኳር ደብተሩን፣ የቁስሉን ፎቶዎችና የተቀባውን ነገር ሁሉ ያዙ። ደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው፤ የሥጋ ደዌ እግርና የስኳር እግር ሁለቱም ስሜት ያጣ እግር ናቸው። መኪና ውስጥ ተረከዙ ወለሉ ላይ እንዳይጫን ባቱ ሥር ጋቢ አጥፋችሁ አድርጉ።

ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ

ላዩ ሲደፈን ውስጡ ገና ነው። አዲሱ ቆዳ እየጠነከረ የሚሄደው ለወራት ነው፤ ጥንካሬውም ከቀድሞው 80 በመቶ አያልፍም። ከዳኑት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ዳግም ይቆስላሉ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ቦታ። ስለዚህ ፋሻው በተነሣ ማግስት አሮጌው ጫማ አይለበስም። ጣቶቹ የሚዘረጉበት ሰፊ ፊት ያለው፣ ውስጡ ስፌት የማይወጣ፣ ለስላሳ ሶል የገባበት ጫማ ይታዘዝ፤ ጥሩ ጫማ ሰሪ ቁስሉ የነበረበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ካደረጋችሁለት ሶሉን እዚያ ላይ ያጎደጉደዋል። የእግሩ ልክ ከሰዓት በኋላ ይወሰድ፣ እግር ያኔ ያብጣልና። የመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ብቻ ይልበሰውና ያውልቀው፤ የቀላ ቦታ ካለ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ቅላቱ ከጠፋ በማግስቱ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፤ ካልጠፋ ጫማው ወደ ሰሪው ይመለስ።